ሥዕልና ቃል፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሕፃናት እንግሊዝኛ አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር የአጸደ ሕፃናትን አጥር ሳያይ አያልፍም። አጥሩ ከሌላው አጥር የሚለየው በላዩ በተሣለው ሥዕል ነው። ቀይ ፖም፣ ኳስ፣ ድመት፣ ዝሆን፣ ጃንጥላ በደማቅ ቀለም ተሥለው፣ በየጎናቸው አንድ የላቲን ፊደልና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይነበባል። ወደ ክፍል ሲገባም የሚታየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ባለሥዕል የፊደል ገበታ ከሰሌዳው በላይ ተለጥፎ፣ ሕፃናቱ የመምህርቷን ማመልከቻ እንጨት በዓይናቸው እየተከተሉ «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል» እያሉ በአንድ ድምፅ ያዜማሉ። ወላጅም ይህን ሰምቶ ልጁ እንግሊዝኛ እየተማረ ስለ መሆኑ አይጠራጠርም።

ሥዕል ለሕፃናት የቋንቋ ትምህርት ጠቃሚ መርጃ መሣሪያ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ሊመረመር የሚገባው በእነዚህ ከተሞች የተለመደው የሥዕል አጠቃቀም የታሰበለትን ግብ ይመታል ወይስ አይመታም የሚለው ነው። ጥያቄው ቸል ሊባል የማይገባበትም ምክንያት አለ። በደርግ ዘመን እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥ የነበረው ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ከ1ኛ ክፍል እንዲጀመር አድርጓል። በመሆኑም የባዕድ ቋንቋ የቃላት ትምህርት የራሱን ቋንቋ ፊደል ገና ለይቶ ወዳልጨረሰ ሕፃን ወረደ። የግል አጸደ ሕፃናት ደግሞ ከዚያም አውርደው ወደ አራት ዓመት ልጅ አደረሱት። ማንበብ ለማይችል ልጅ ቃልን የሚያስጨብጥ መሣሪያ ሲፈለግ ሥዕል ከሁሉ ቀድሞ መጠራቱ የሚጠበቅ ነበር።

የእነዚህ ከተሞች ሕፃን የሚከፍለው ዋጋ በኋላ ይመጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም ሆነ በኋላ የኦሮሚያ ክልል ከተሞች ናቸው። በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ9ኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም ታሪኩም ባንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከቡራዩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወዲህ፣ በአዲስ አበባው አስኮ የሚማረው እኩያው ግን ይህንኑ ለውጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሲለማመድ ኖሯል። ቤተ ሰቡ የቤት ኪራይ ሲወደድበት ከከተማው ወደ ዳር፣ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ከዳር ወደ ከተማው የሚመላለስ ልጅ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ይወድቃል። ያኔ ከልጁ የሚፈለገው «አፕል» እና «ቦል» አይደለም። በልጅነቱ የተዘራው የቃላት ዘር ግን የሚቆጠረው ያኔ ነው።

ሥዕልን የሚደግፈው ክርክር አጭርና የሚማርክ ነው። ሕፃኑ የላም ሥዕል ያያል፣ «ካው» የሚለውን ቃል ይሰማል፣ በመካከል አማርኛም አፋን ኦሮሞም አይገባም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ማሰብ ይለምዳል ይባላል። በተለይ እንደ ሰበታ ባለ የፋብሪካ ከተማ ይህ ክርክር ሌላም ኃይል ያገኛል። ከልዩ ልዩ አካባቢ ለሥራ የመጡ ሰዎች ልጆች ባንድ ክፍል ሲቀመጡ የቤታቸው ቋንቋ አንድ አይሆንም፤ መምህርቷም የሁሉንም ልታውቅ አትችልም። ሥዕል በዚህ ጊዜ የማንንም ቋንቋ የማያስቀድም ገለልተኛ አስታራቂ ሆኖ ይታያል። በሥነ ልቡና በኩልም ድጋፍ አይጠፋለትም። ካናዳዊው አለን ፔቪዮ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በቃልም በምስልም የተመዘገበ ነገር በቃል ብቻ ከተመዘገበው ይልቅ ለማስታወስ ይቀላል።

ይሁን እንጂ በሥዕል ቋንቋን የማስተማር አባት የሚባለው ሰው ራሱ ይህን ክርክር እስከ መጨረሻው አይከተለውም። የሞራቪያው ተወላጅ ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ያሳተመው «ኦርቢስ ሴንሱአሊዩም ፒክቱስ» ሕፃናትን ላቲን በሥዕል ለማስተማር የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ሁለት ነገሮች በጉልህ ይታያሉ። አንደኛው፣ ከሥዕሉ ሥር ላቲኑና የሕፃኑ መናገሪያ የሆነው ጀርመንኛ ጎን ለጎን መታተማቸው ነው። ሁለተኛው፣ በሥዕሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ተሰጥቶት፣ ያው ቁጥር ከቃሉ አጠገብ መቀመጡ ነው። ኮሜኒየስ ሥዕልን የወደደውን ያህል ሥዕል ብቻውን ምን ማለት እንደ ሆነ የማይናገር መሆኑን ተረድቶ ነበር። የአፍ መፍቻውን ቋንቋ ለማራቅ ሥዕልን የሚጠሩ ሰዎች የእርሱን ስም ባያነሡ ይሻላቸዋል።

ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የሱሉልታን ሕፃን ማሰብ ይበቃል። ሱሉልታ የሣርና የወተት አገር ነው። በመስኩ ላይ የድርቆሽ ክምር፣ በማለዳም ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ወተት የዘወትር ትርኢት ነው። ይህ ሕፃን ስለ ከብት የሚያውቀው የፊደል ገበታውን ካዘጋጀው ሰው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአማርኛ ላምን፣ በሬን፣ ኮርማን፣ ጊደርንና ጥጃን ይለያል፤ በአፋን ኦሮሞም ሰኣ፣ ቆቲዮ፣ ኮርማ፣ ረዳ፣ ጀቢ ብሎ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ገበታው የሚያቀርብለት ግን ሻኛ የሌላት፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር፣ ጡቷ የተንዠረገገ እንስሳ ናት። ይህች በሕፃኑ ዓይን «የፈረንጅ ላም» ናት። መምህርቷ ሥዕሉን አመልክታ «ካው» ስትል፣ ሕፃኑ ካሉት ግምቶች መካከል አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። «ካው» ማለት የፈረንጅ ላም ይሆን? ከብት በጠቅላላው ይሆን? ዥንጉርጉር ማለት ይሆን? ወይስ መታለብ?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኩዋይን እ.ኤ.አ. በ1960 ይህንኑ ችግር በጥንቸል ምሳሌ አንሥቶታል። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ፣ ጥንቸል ስታልፍ የተነገረ ቃል ሰምቶ፣ ቃሉ ጥንቸሏን ይሁን የጥንቸሏን አካል ወይም ሌላ ነገር በማመልከት ብቻ ሊያረጋግጥ አይችልም። ለፈላስፋው ይህ የሐሳብ ሙከራ ነበር፤ ለሱሉልታው ሕፃን ግን የዘወትር የክፍል ሥራ ነው። ሕፃኑ ብልህ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በትክክል ይገምታል። ሲስት ግን መሳቱ አይታወቅም፤ ምክንያቱም ፈተናው የሚቀርበው በዚያችው ሥዕል ነው። ዥንጉርጉሯን ላም አይቶ «ካው» ያለ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በራፉ ላይ የቆመችውን ቀይ ባለሻኛ ላም በዚሁ ቃል ይጠራት እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። አንድ ቃል፣ «ላም» ወይም «ሰኣ»፣ ከሥዕሉ ጋር ቢነገረው ግን ግምቱ ሁሉ በቅጽበት ባበቃ ነበር። ይህን አንድ ቃል መከልከል ሕፃኑን ወደ እንግሊዝኛ አያቀርበውም፤ ወደ እንቆቅልሽ እንጂ።

ከውጭ የመጣ ሥዕል ሁሉ ይወገድ ማለት ግን አይደለም። ዝሆንን በዓይኑ ያየ የቡራዩ ሕፃን ጥቂት ነው፤ ዝሆንን ግን ከተረት ያውቀዋል፣ በቋንቋውም ስም አለው። ሥዕል እዚህ ላይ የሩቁን ያቀርባል፤ የሥዕል ትልቁ ችሎታም ይኸው ነው። ችግሩ ያለው በሩቅነቱ ላይ ሳይሆን ሕፃኑ በየትኛውም ቋንቋ ስም በማያውቅለት ነገር ላይ ነው። የበረዶ ቤት፣ ባለሸራ የመዝናኛ ጀልባ፣ በመዶሻ የሚመታ የእንጨት የሙዚቃ መሣሪያ በገበታው ላይ የሚገኙት ቃላቱ ለልጁ ስለሚጠቅሙት ሳይሆን አንዳንድ ፊደል ሌላ ቀላል ቃል ስለ ጠፋለት ነው። ሕፃኑ እዚህ ላይ አዲስ ነገርና አዲስ ቃል ባንድ ጊዜ ይማራል፤ ቃሉንም ከገበታው ውጭ የሚናገርበት ቀን አይመጣም። የገፈርሳ ግድብ ውኃ ለቡራዩ ልጅ ቅርቡ ነው፤ ከሰበታ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የአበባ እርሻው፣ የወተት ጣሳው፣ የድርቆሹ ክምር ሁሉ ሠዓሊ ይጠብቃሉ።

ሥዕልን ማየት በራሱ የሚለመድ ነገር መሆኑም ይዘነጋል። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባውም። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ከሁለት ዓይኑ ጋር ፊቱ ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ፣ ከሐዲው ወይም ሰይጣኑ ብዙ ጊዜ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሥርዓቱን ያልተማረ እንግዳ ሰውዬው አንድ ዓይኑ የጠፋ ሊመስለው ይችላል። ሁድሰን እ.ኤ.አ. በ1960 በደቡብ አፍሪካ ያደረጉትን ጥናት ሲያወጡ የገለጹት ነገርም ከዚህ የሚዛመድ ነው። ጦር የያዘ አዳኝ፣ በቅርቡ ሚዳቋ፣ በሩቁ ደግሞ ትንሽ ሆኖ የተሣለ ዝሆን ያለበት ሥዕል ቀርቦላቸው፣ ትምህርት ቤት ካልገቡት መካከል ብዙዎቹ አዳኙ ዝሆኑን ሊወጋ ነው ብለዋል። የሩቁን ነገር አሳንሶ መሣል የሠዓሊዎች ስምምነት እንጂ ዓይን ሁሉ አብሮት የሚወለደው ዕውቀት አይደለም።

በአገራችንም በደቡብ ምዕራብ በሚኖሩት የሜኒት ሕዝብ ዘንድ ዴሬጎውስኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሟል። ሥዕል ለማያውቁ ሰዎች ወረቀቱ ራሱ እንግዳ ሆኖ ሐሳባቸውን እንዳይስበው፣ ተመራማሪዎቹ የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ አሳትመው አቀረቡላቸው። አብዛኞቹ ተመልካቾች እንስሳውን ለይተዋል፤ አለያየታቸው ግን ፈጣን አልነበረም፤ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እያነሡ ነበር። የዛሬ የሰበታና የቡራዩ ልጅ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ እያየ ያደገ ስለ ሆነ ከእነርሱ ጋር አንድ አይደለም። ነገር ግን የፊት ገጽታን በሁለት መስመር፣ ፍጥነትን ከሯጩ ኋላ በተሠመሩ ጭረቶች፣ ሐሳብን ከራስ በላይ በተሣለ ደመና የሚያሳየው የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል አሁንም ማብራሪያ ይፈልጋል። ማብራሪያውም የሚሰጠው በቋንቋ ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ እንደገና ብቅ ይላል።

በእነዚህ ሦስት ከተሞች ከሁሉ የከፋው፣ ከሁሉም ያነሰ የተነገረለት ጉዳይ ግን ከንባብ ጋር የተያያዘው ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ሕፃን የላቲን ፊደልን የሚያውቀው በቁቤ ነው። የቁቤ ፊደላት ከእንግሊዝኛው ጋር መልካቸው አንድ ሆኖ የአንዳንዶቹ ድምፅ ይለያል። በእንግሊዝኛ «ሲ» የሚባለው ፊደል በቁቤ የ«ጭ» ድምፅ ሲኖረው፣ «ኤክስ» የሚባለው የ«ጥ»፣ «ኪው» የሚባለው ደግሞ የ«ቅ» ድምፅ አለው። አናባቢ ሲደገምም ድምፁ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም። እንግዲህ በሚገባ የተማረ፣ ቁቤውን ጠንቅቆ ያወቀ ሕፃን ከድመቷ ሥዕል ሥር ያለውን ቃል በራሱ ዕውቀት ቢያነብ «ጨት» ይላል፤ «ቦክስ» የሚለውን «ቦጥ»፣ «ሲክስ» የሚለውን «ሲጥ»፣ «ትሪ» የሚለውን «ትሬ» ብሎ ያነባል። ይህ ስሕተት የስንፍና ሳይሆን የዕውቀት ምልክት ነው። መምህሩ ቢሰማው ኖሮ ለማረም ግሩም አጋጣሚ ይሆንለት ነበር።

አይሰማውም። ሕፃኑ ሥዕሉን አይቶ ገበታው ያስተማረውን ቃል ይናገራል፤ ፊደሉን አያነብም። መምህሩ «አንብብ» ብሎ ድመቷን ያሳየዋል፤ ልጁ «ካት» ይላል፤ «ጎበዝ» ይባላል። በሥዕሉ ተሸፍኖ የቆየው ችግር ብቅ የሚለው ሥዕሉ ሲቀር፣ ማለትም ከ3ኛና ከ4ኛ ክፍል በኋላ ገጹ በጽሑፍ ሲሞላ ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጥናት ያሳየው የዚህኑ ነገር መነሻ ነው። ቃሉ ከሥዕል ጋር ሲቀርብ የሕፃናቱ ትኩረት ከፊደሉ ወደ ሥዕሉ ይሸሻል፤ በተለይ በንባብ ደከም ያሉት ቃሉን ብቻውን ሲያገኙት ለይቶ ማንበብ ያቅታቸዋል። በዚህ ግኝት ላይ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ሥዕል ታሪክን ለመረዳት የሚሰጠው እርዳታ ሌላ መሆኑም ተገልጿል። የሳሙኤልስ ሕፃናት ግን የሚያነቡት የገዛ ቋንቋቸውን ነበር፤ አንዱን ፊደል በሁለት ድምፅ ከማንበብ ጋርም አልታገሉም። የቁቤው ልጅ ችግር ከእነርሱ እጥፍ መሆኑን ለመገመት ሌላ ጥናት መጠበቅ አያሻም።

በአማርኛ የሚማረው ልጅ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። እርሱ የላቲንን ፊደል የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆነ በቁቤ አይሳሳትም። ነገር ግን የለመደው ፊደል እያንዳንዱ አናባቢውን ይዞ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሦስት ፊደል ተጋግዞ አንድ ቃል የሚሠራበት አሠራር እስኪገባው ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህም ልጅ የድመቷ ሥዕል ያንን ጊዜ ያሳጥርለታል ተብሎ ይታሰባል፤ የሚያደርገው ግን ማዘግየት ነው። የሁለቱ ልጆች ችግር የማይመሳሰል ሲሆን በሁለቱም ክፍሎች የሚለጠፈው ገበታ ግን አንድ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

«ኤ ፎር አፕል» የሚለው ዜማም እዚሁ ላይ የሚነሣ ነው። በዜማ ማጥናት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የኔታ ዘንድ ያለ አንዳች ሥዕል ፊደልና ዳዊት የተጠናው በዜማ ነው። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ልጁ እንጨቱን ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፤ ዜማውና ፊደሉ ተነጣጥለው አይሄዱም። በአጸደ ሕፃናቱ ዜማ ግን ሕፃኑ «ፎር» የሚለውን መስተዋድድ የፍሬው ስም አካል አድርጎ ይይዘዋል። ፖም አሳይተው ምንድን ነው ቢሉት ብዙ ጊዜ «ኤ ፎር አፕል» ብሎ መመለሱ ለአዋቂዎች ሳቅ ነው። ለመምህር ግን ማስጠንቀቂያ ሊሆን በተገባው ነበር።

ሥዕል የሚወደው የቃል ዓይነት ስም ነው፤ ከስምም የሚዳሰሰውን። ስለዚህ በሥዕል ብቻ የተማረ ልጅ የቃላት ክምችት እንደ ሸቀጥ ዝርዝር ይሆናል። ግሥ በሥዕል ሲቀርብ ይደናገራል፤ የሚሮጥ ሰው ሥዕል ሰው ነው፣ ሩጫ ነው፣ ወይስ እየሮጠ ነው? አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ አዋሕደው ስለሚናገሩ፣ «ረን» የሚለውን ቃል ብቻውን የሰማ ሕፃን «ይሮጣል» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ይመስለዋል። የትናንቱንና የነገውን፣ የእኔንና የአንተን የሚሥል ብሩሽ ደግሞ አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥዕል በትክክል የሚያገለግልበት ቦታ አለ፤ እርሱም ሁለት ሥዕሎች ተነጻጽረው የሚቀርቡበት ነው። አማርኛ «ላይ» በሚለው ቃል ከጠረጴዛው ጋር ተነካክቶ ያለውንም፣ ሳይነካው በላዩ የተንጠለጠለውንም ሊያመለክት ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግን በሁለት ቃል ይለያቸዋል። ስኒ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አምፑል ደግሞ ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጥሎ ጎን ለጎን ቢሣሉ፣ ረጅም ማብራሪያ የማይሠራውን ሥዕሉ ባንድ አፍታ ይሠራዋል። «ሁለት ኳስ» ብሎ መናገር በአማርኛ ነውር የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን ከቁጥር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቁጥር አመልካች ይፈለጋል። አንድ ኳስና ሦስት ኳስ ያለበት ሥዕል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሥዕል በአጥር ላይ አይታይም፤ በገበታም ላይ እምብዛም አይገኝም። ለማስጌጥ አይመችም፤ መምህር ካልተናገረበትም ትርጉም የለውም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከላት ሲቋቋሙ የታሰበው መምህሩ መርጃ መሣሪያውን በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ራሱ እንዲያዘጋጅ ነበር፤ በማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ላይ በቀለም መሣልም የብዙ ትምህርት ቤቶች ልማድ ሆኖ ቆይቷል። እነዚህ የከረጢት ሥዕሎች መልካቸው እንደ ታተመው ገበታ አያምርም፤ ላሟ ግን ሻኛ አላት። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት በብዙ ቦታ በተከሰተ ጊዜም፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ መሣል የሚችል መምህር ከሌላው ይሻለው ነበር። አንድ የታተመ ገበታ ለአንደኛ ደረጃ በወጣው መለኪያ መሠረት ለ50 ሕፃናት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ለሚበልጡ፣ ሲቀርብ በመጨረሻው ረድፍ ያለው ልጅ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። በየመምህራን ማሠልጠኛው ሥዕል መሣልን ማስተማር ከጌጥ ትምህርት የተቆጠረበት አስተሳሰብ ቢታረም ይጠቅማል፤ በአሥር መስመር ላምን ከበሬ ለይቶ መሣል የሠዓሊነት ተሰጥኦ አይጠይቅም።

ሰበታን ከሁለቱ ከተሞች የሚለያት አንድ ጉዳይ ይቀራል። በሰበታ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ከዚያ ወጥተው ለከፍተኛ ትምህርት የበቁት ብዙ ናቸው። ሥዕል የሕፃናት እንግሊዝኛ ትምህርት መሠረት ነው ከተባለ እነዚህ ሕፃናት በምን ይማሩ? የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃ ሲጀምር «ሥዕሉን ተመልክታችሁ ቃሉን ተናገሩ» ይላል። መጽሐፉ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ሥዕሉ ይወድቃል፤ ትእዛዙ ግን በወረቀቱ ላይ ይቆያል። የሚመለከት ዓይንም የሚታይ ሥዕልም በሌለበት ገጽ ላይ «ተመልከቱ» የሚል ቃል በጣት ይዳሰሳል። ይህ የገልባጮች ጥፋት አይደለም፤ መጽሐፉን ያሰናዳው ሰው ቃሉን የሚያስተምርበት ሌላ መንገድ አለማስቀመጡ ነው። ዓይነ ስውራን ሕፃናት ዛሬ ከሚያዩት ጋር ባንድ ክፍል የሚቀመጡበት ሁኔታ ስላለ፣ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይችልም።

ለእነዚህ ሕፃናት የሚስማማው አሠራር ለሚያዩትም እንደሚስማማ ግን ልብ የተባለ አይመስልም። መምህሩ በአንድ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ስኒ፣ ድንጋይ፣ የስንዴ ዛላ፣ ጥቂት ድርቆሽ ይዞ ይገባል። ሕፃኑ እጁን ሰዶ ይዳስሳል፤ በቤቱ ቋንቋ ስሙን ይናገራል፤ መምህሩ የእንግሊዝኛውን ቃል ይነግረዋል፤ ልጁም ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ሲያቀብልም ቃሉን ይደግመዋል። የሚያየው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የማያየው እንደ ልማዱ፣ ሁለቱም ባንድ ሚዛን ይጠየቃሉ። ማንኪያው ሻኛ የጎደለው ማንኪያ አይደለም፤ ቤታቸው ያለው ማንኪያ ነው። ቃሉም ከዚያ በኋላ በቁቤ «ሲ» እና በእንግሊዝኛ «ሲ» መካከል ያለው ልዩነት እየተነገረ በሰሌዳ ላይ ወይም በብሬል ይጻፋል፤ ሥዕል አጠገቡ አይኖርም። ሥዕሉ በማግስቱ፣ ልጁ ቃሉን ብቻውን ማንበቡ ከተረጋገጠ በኋላ ሊመጣ ይችላል።